አኪሌስ ሽማግሌ መመለሱ ልክ ነበር? (ኢሊያድ፣ ክፍል 9)

የማታ አንባቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የጥንቱን የግሪክ ባለቅኔ የሆሜርን ኢሊያድ በእንግሊዝኛ ትርጉም እያነበብኩ ነው። ማታ ማታ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ። ከ24ቱ ክፍሎች 9ኛው ላይ ስደርስ ተናድጄ ቆምኩ።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ላስረዳ። ግሪኮች ትሮይን ከከበቡ 10ኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። የጦሩ አለቃ አጋሜምኖን የአምላኩን የአፖሎን ካህን ልጅ ከምርኮ ደርሳው አልመልስም ይላል። በአባትየው ጸሎት ቸነፈር ይወርዳል። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሰው ይረግፋል። በመጨረሻ ልጅቷን ሲመልስ «እኔ ብቻዬን ባዶ እጄን አልቀርም» ብሎ የዋናውን ጀግና የአኪሌስን ምርኮኛ ብሪሴይስን ይወስዳል። በጉባኤ ፊት! አኪሌስ ሰይፉን ሊመዝ ሲል አምላኳ አቴና ከኋላው መጥታ ጸጉሩን ይዛ አስቆመችው። ከዚያ «ከእንግዲህ አልዋጋም» ብሎ ድንኳኑ ገባ።

አሁን ትሮያውያን ከመርከቦቹ አቅራቢያ ሰፍረዋል። እሳታቸው ሜዳውን ሞልቶታል። አጋሜምኖን ጨነቀውና ሦስት ሰው ላከ። ምላሰኛው ኦዲሲየስ፣ አኪሌስን ያሳደገው ሽማግሌ ፎይኒክስ፣ ግዙፉ አያክስ። ካሳው ደግሞ የትየለሌ ነው። 10 መክሊት ወርቅ፣ 12 ፈረሶች፣ 7 ከተሞች፣ ብሪሴይስ ራሷ («አልነካኋትም» የሚል መሐላ ታክሎበት)። ከሦስት ሴት ልጆቹም የመረጣትን ያለ ጥሎሽ ይድርለታል። አኪሌስ እምቢ አለ።

እኔ ባደግሁበት ቤት ለእርቅ የመጣ ሽማግሌ አይመለስም። በዳይ ካሳ ቆጥሮ ልኮ፣ ያሳደገህ ሰው እያለቀሰ ለምኖህ እምቢ ካልክ፣ ከዚያ ወዲያ ጥፋተኛው አንተ ነህ። ተሳሳትኩ?

አንድ ለእናቱ፦
ሽማግሌማ ይመለሳል። ታላቅ እህቴን ሊጠይቁ የመጡትን አባቴ ሁለት ጊዜ መልሷቸዋል። በሦስተኛው ነው ቡና የፈላላቸው።

የማታ አንባቢ፦
ያ የጋብቻ ነው ባክህ! እኔ ስለ እርቅ ነው የማወራው።

ሸክላ፦
እህቴ፣ አኪሌስ የሚመልሰውን ንግግር ረጋ ብለሽ ብታነቢው ንዴትሽ ይበርድ ነበር። ሰውየው ስጦታው አነሰኝ አላለም። «እንደ አሸዋና እንደ አቧራ ብዛት ቢሰጠኝም አልታረቅም» ነው ያለው። ጥያቄው ሌላ ነው። ከተማ ሰብሮ የሚያመጣው እሱ፣ መርከብ ጋ ቁጭ ብሎ የሚያከፋፍለው አጋሜምኖን። ፈሪም ጀግናም እኩል ይከበራል፣ የሠራም ያልሠራም እኩል ይሞታል ይላል።

ቀጥሎ ደግሞ «ለመሆኑ እዚህ ምን እየሠራን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለሄለን፣ ትሮያውያን ለወሰዷት ለአጋሜምኖን ወንድም ሚስት ነው አይደል የመጣነው? ታዲያ ሚስታቸውን የሚወዱ የአትሬየስ ልጆች (አጋሜምኖንና ወንድሙ) ብቻ ናቸው? እኔስ በጦር ያገኘኋት ብትሆንም ብሪሴይስን ከልቤ እወዳት ነበር ይላል። ይህ ሰው የተኮራረፈ ብቻ አይደለም። የጦርነቱን ምክንያት ራሱን ነው የናደው።

ከሁሉ የምወዳት ግን ይህቺ ናት። በሬና በግ ይዘረፋል፣ ፈረስም ይገዛል፤ ነፍስ ግን አንዴ የጥርስን አጥር ካለፈች ተዘርፋም ተገዝታም አትመለስም። እናቱ ቴቲስ ሁለት ዕጣ እንዳለው ነግራዋለች። እዚህ ከተዋጋ ይሞታል፣ ስሙ ግን አይጠፋም። አገሩ ከገባ ረጅም ዕድሜ ይኖራል፣ ስም ግን የለውም። እንዲህ ያለ ሰው ፊት 12 ፈረስ ስትቆጥሪ ምን ይሰማዋል?

ቀለም ቀንድ፦
በሙያዬ አስተማሪ ነኝ፣ ይቺን ክፍል ከተማሪዎች ጋር ደጋግሜ አንብቤያታለሁ። አንድ ነገር ልጠቁም። አጋሜምኖን ስጦታውን ቆጥሮ ሲጨርስ የሚናገራትን የመጨረሻ ቃል ተመልሰሽ እዪ። «ይገዛልኝ። በንግሥናም በዕድሜም እበልጠዋለሁ» ዓይነት ነገር ነው የሚለው።

ኦዲሲየስ መልእክቱን ሲያደርስ ፈረሱንም ወርቁንም ከሞላ ጎደል ቃል በቃል ይደግማል። ያቺን ጅራት ግን ቆርጦ ጣላት! በምትኩ «እሱን ብትጠላው እንኳ ለተጨነቁት ለሌሎቹ እዘን» ብሎ ጨመረ። አኪሌስ ይህን አያውቅም። መልሱን ሲጀምር ግን ምን አለ? በልቡ አንድ ነገር ደብቆ በአፉ ሌላ የሚናገርን ሰው እንደ ሲኦል ደጅ እጠላዋለሁ አለ። ሸቶታል። ለኦዲሲየስ ይሁን ለአጋሜምኖን የተናገረው፣ ሆሜር አይነግረንም።

የማታ አንባቢ፦
ኧረ! ይህንን ጨርሶ አላየሁትም። ተመልሼ ሁለቱን ጎን ለጎን አነበብኳቸው። እውነትም ቆርጧታል።

አንድ ለእናቱ፦
ኦዲሲየስ ደላላ ቢሆን አንደኛ ነበር።

ጋሽ ምርኩዝ፦
ልጆቼ፣ እኔ የግሪክን ነገር አላውቅም። መጽሐፉን ልጄ ሰጥቶኝ በጡረታዬ ነው ያነበብኩት። ሽምግልና ግን ብዙ ተቀምጫለሁ። የድንበርም፣ የባልና ሚስትም፣ አንድ ሁለቴ የደምም።

ይሄ ሽምግልና ገና ከበሩ የተበላሸ ነው። በዳዩ የታለ? ሽማግሌ ተበዳዩን ያለዝባል፣ መንገድ ይጠርጋል። ከዚያ በዳዩ ራሱ መጥቶ እግር ላይ ይወድቃል። አጋሜምኖን ከድንኳኑ ንቅንቅ አላለም። በራሱ ጉባኤ ላይ «ልቤ ታውሮ ነበር፣ አልክድም» ብሏል፤ ጥሩ። ያ ቃል ለአኪሌስ ደረሰው? አልደረሰውም። ወርቁ ደረሰው። ሰው ከወርቁ በፊት «አጥፍቻለሁ» የምትለዋን ነው የሚጠብቀው። ልጄን ልስጥህ የሚለውም እዩት። ልጁን ካገባ አማቹ ሆነ፣ ከእጁ በታች ገባ ማለት ነው። አኪሌስም ገብቶታል። «በመልክ አፍሮዲቴን፣ በእጅ ሙያ አቴናን ብትመስል አላገባትም» ያለው ለዚህ ነው።

ከሦስቱ ሽማግሌ ብዬ የምጠራው አያክስን ነው። ቃሉ አጭር ናት። «ሰው የወንድሙን፣ የልጁን ደም እንኳ ካሳ ተቀብሎ ይታረቃል። ገዳዩም ከፍሎ እዚያው አገሩ ይኖራል። አንተ ግን ለአንዲት ልጅ ብለህ እንዲህ ጨከንክ፤ ከጣራህ ሥር ያለነውን እንግዶችህንስ አታከብርም?» ይለዋል። እንዲህ ነው የሚባለው።

ደግሞ ሠርቶለታል! አኪሌስ መጀመሪያ «ነገ ጠዋት መርከቤን ይዤ እሄዳለሁ» አለ። ፎይኒክስ ከለመነው በኋላ «ጠዋት እንመካከራለን» አለ። ከአያክስ በኋላ መሄዱን ጨርሶ ተወው፤ «ሄክቶር (የትሮያውያኑ ጦር መሪ) የእኔ ድንኳን ጋ እስኪደርስ አልዋጋም» ብቻ። ልቡ እየተመለሰ ነበር። ኦዲሲየስ ተመልሶ ሄዶ ምን ተናገረ? የመጀመሪያዋን ብቻ! «እሄዳለሁ ብሎ ዝቷል» ብሎ አረፈው። ይሄ ሽማግሌ አይደለም፣ ወሬ አመላላሽ ነው።

የማታ አንባቢ፦
ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ግማሽ ተሸንፌያለሁ። ግማሽ ብቻ ነው ግን። ፎይኒክስን ምን ላድርገው? «ሕፃን ሆነህ ጉልበቴ ላይ አስቀምጬ ሥጋ እየቆረጥኩ ሳጎርስህ፣ ወይን ስታስመልስ ልብሴን ስንቴ አበላሽተኸዋል» ይለዋል እኮ። እናት ነኝ፣ እዚያ ላይ ተሸነፍኩ። አኪሌስ ግን ይህንን ሰምቶ አልተሸነፈም።

ሸክላ፦
ፎይኒክስ የሚተርከው የሜሌአግሮስ ታሪክ ነው ቁም ነገሩ። እሱም ተቀይሞ ጦርነት እምቢ ብሎ ነበር። ሽማግሌ ለመነው፣ አባት ለመነው፣ እናት ለመነችው። እምቢ። በመጨረሻ ከተማው ሲቃጠል ሚስቱ ለምናው ወጣ። ያን ጊዜ ግን ስጦታው ቀርቷል። ድሉ የሱ ሆነ፣ ክብሩ ቀረ። የሚስትየዋ ስም ክሊዮፓትራ ነው። ገልብጪው፤ ፓትሮክሎስ ይሆናል። የአኪሌስ የልብ ወዳጅ! የሚያስወጣው የፓትሮክሎስ ሞት እንደሆነ ሆሜር እዚህ ላይ ዘርቶልሻል።

የማታ አንባቢ፦
አንተ! ገና ክፍል 9 ላይ ነኝ አልኩ እኮ!!

አንድ ለእናቱ፦
የ2700 ዓመት ወሬ ነው እህቴ፣ ለሱ አትፍረጂበት። ይልቅ ፈረሱ መቼ ነው የሚመጣው? እኔ መጽሐፉን የገዛሁት ለፈረሱ ብዬ ነው።

ቀለም ቀንድ፦
አይመጣም። ኢሊያድ ውስጥ ግሪኮች ተደብቀውበት ትሮይ የገቡበት የእንጨት ፈረስ የለም። የአኪሌስ ተረከዝም የለም። እሱ ራሱም አይሞትም፣ ትሮይም አትወድቅም። መጽሐፉ በሄክቶር ቀብር ነው የሚዘጋው። ፈረሱን ሌላው የሆሜር ግጥም፣ ኦዲሲ ውስጥ ነው የምታገኘው፣ እሱም ሌሎች ሲያወሩት።

አንድ ለእናቱ፦
ገንዘቤን መልሱልኝ።

ስንዱ፦
እስካሁን ያላችሁትን ሁሉ አነበብኩ። ስለ ክብር፣ ስለ ካሳ፣ ስለ ሽምግልና። ብሪሴይስን ማን ጠየቃት? ከፈረስና ከድስት ጋር ተቆጥራለች እኮ።

በዚህ ሁሉ መጽሐፍ፣ ከ15 ሺህ በላይ መስመር ውስጥ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምትናገረው። ክፍል 19 ላይ፣ ለቅሶ ላይ። (የማታ አንባቢ፣ ይቅርታ፤ ፓትሮክሎስን ሸክላ አንዴ ገድሎብሻል።) ስትመለስ ሬሳውን ታያለች፣ ትወድቅበታለች። ባሏን አኪሌስ ገድሎባታል። ሦስት ወንድሞቿም በዚያው ቀን ሞተዋል። ያን ቀን እንዳታለቅስ ያባበላት ፓትሮክሎስ ነበር። «አኪሌስ በወግ ያገባሻል፣ ሠርግሽን አገሩ ወስጄ እደግሳለሁ» ይላት ነበር። «ሁልጊዜ ደግ ነበርክ» ብላ ታለቅሳለች። ከዚያ ሆሜር ምን ይላል መሰላችሁ? ሌሎቹም ሴቶች አብረው አለቀሱ፤ ለፓትሮክሎስ መስሎ፣ እያንዳንዷ ግን የራሷን ኀዘን። ለቅሶ ቤት ደርሶ የሚያውቅ ሰው ይህችን መስመር ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

ሸክላ፣ «ከልቤ እወዳት ነበር» ያለውን ጠቀስክ። እዚያው ክፍል 19 ላይ ያው አኪሌስ «የማረክኳት ቀን አምላኳ አርጤምስ መርከቦቹ መሐል በቀስቷ ብትገድላት ይሻል ነበር» ይላል። ይህንንም ጥቀስ እንጂ።

ሸክላ፦
ልክ ነሽ፣ ይህንን ዘልዬዋለሁ። መልስ የለኝም።

ሰባራ ክራር፦
ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሲደርሱ አኪሌስ ምን እያደረገ ነበር? ክራር እየመታ እየዘፈነ! (በግሪክኛ «ፎርሚንክስ» የሚሉት ነው፣ እኔ ክራር ብየዋለሁ።) የሚዘፍነውም የጀግኖችን ዝና ነው። ስም ወይስ ዕድሜ ብሎ የሚያወጣ የሚያወርደው ሰው፣ ስም ያስቀሩትን ነው የሚያንጎራጉረው። ክራሩ ደግሞ የት ተገኘ? ከኤቲዮን ከተማ የተዘረፈ ነው። ኤቲዮን ማለት የሄክቶር ሚስት የአንድሮማኬ አባት ነው። ክፍል 6 ላይ ለባሏ ስትነግረው አልነበር፣ አባቴንና ሰባት ወንድሞቼን አኪሌስ ገደለብኝ ብላ? በሷ አባት ቤት ክራር ነው የሚዘፍነው።

ደግሞ አንዳንዶች «ለምን ይደጋግመዋል» እያሉ ያማርራሉ። «እግረ ፈጣኑ አኪሌስ» ይላል፣ ሰውየው ቁጭ ብሎ እያወራ እንኳ! በ1930ዎቹ ሚልማን ፓሪ የሚባል አሜሪካዊ ከአልበርት ሎርድ ጋር ዩጎዝላቪያ ሄዶ ማንበብ የማይችሉ ዘፋኞችን ቀርጾ ነበር። በሺህ የሚቆጠር መስመር እዚያው ሲፈጥሩ ሰማ። የሚያድናቸው እንደነዚህ ያሉ ተዘጋጅተው የተቀመጡ ሐረጎች ናቸው። መስመሩን ይሞላሉ፣ ቀጣዩን ለማሰብ ፋታ ይሰጣሉ። አዝማሪ ቤት ቁጭ ብሎ ያደረ ሰው ይገባዋል። ያቺ የምትመላለሰው አዝማች ባትኖር መች ያስባል?

አንድ ለእናቱ፦
ቆይ ቆይ፣ እኛም አለንበት የሚባለው እውነት ነው?

ቀለም ቀንድ፦
ስማችን አለ። ክፍል 1 ላይ አኪሌስ ለእናቱ አልቅሶ የአማልክቱን አለቃ ዜውስን ለምኚልኝ ሲላት፣ «ዜውስ ትናንት ነውር ወደሌለባቸው ኢትዮጵያውያን ለግብዣ ሄዷል፣ በ12ኛው ቀን ይመለሳል» ትለዋለች። የኦዲሲም መጀመሪያ ላይ የባሕሩ አምላክ ፖሲዶን እነሱ ጋ ግብዣ ላይ ነው። ግን አንኩራራ። ቃሉ በግሪክኛ «ፊቱ በእሳት የጠየመ» ማለት ነው። ሆሜር የሚያስቀምጣቸውም በምድር ዳርቻ ነው፤ ግማሹን ፀሐይ መውጫ፣ ግማሹን መግቢያ። የዛሬውን ካርታ ይዘህ አትፈልጋቸው።

ሜምኖን የሚባል የኢትዮጵያውያን ንጉሥም አለ፣ የንጋት አምላክ ልጅ። ትሮይን ሊረዳ መጥቶ በአኪሌስ እጅ ይሞታል። እሱን የሚተርከው ግጥም ግን ጠፍቷል። ኦዲሲ ውስጥ በቁንጅናው ይወሳል።

አንድ ለእናቱ፦
ቁንጅናው ይበቃኛል።

ስንዱ፦
ወደ ሽማግሌዎቹ እንመለስና፣ እኔ ከየማታ አንባቢ ጋር ነኝ። አኪሌስ እውነት አለው፣ ስጦታው የተበላሸ ነው፣ ሁሉም ልክ። ግን ያቺ እምቢታ ማንን ገደለች? አጋሜምኖን በሕይወት አለ። የሞተው ፓትሮክሎስ ነው፣ ምንም ያላጠፋው። ያውም ክፍል 19 ላይ ሲታረቁ አጋሜምኖን ምን ይላል? «ጥፋተኛው እኔ አይደለሁም፤ ዜውስና ዕጣ ናቸው ልቤን ያሳወሩት»! አኪሌስም ስጦታውን «ስጥ ወይም አስቀር፣ እንደፈለግክ» አለው። ግድ አልነበረውም። ለዚህ ከሆነ ያን ማታ ቢታረቅስ?

ሸክላ፦
ያን ማታ ቢታረቅ ኢሊያድ አልነበረማ።

ስንዱ፦
ይህ የጸሐፊ መልስ ነው። እኔ የጠየቅኩት የሰው ነው።

ሸክላ፦
እሺ፣ የሰው መልስ። ኦዲሲ ክፍል 11 ላይ ኦዲሲየስ ወደ ሙታን አገር ወርዶ አኪሌስን ያገኘዋል። «እዚህም ንጉሥ ነህ፣ መሞትህ አይክበድህ» ይለዋል፤ ያው ምላሱ። አኪሌስ «በሙታን ሁሉ ላይ ከምነግሥ፣ መሬት የሌለው ድሃ ቤት ተቀጥሬ በሕይወት ብኖር እመርጣለሁ» አለው። ስም የመረጠው ሰው ነው ይህን የሚለው። ያን ማታ «አገሬ እገባለሁ» ያለው እውነቱን ነበር ብዬ አስባለሁ። እምቢ ማለቱ አልነበረም ስህተቱ። ብሎ ሳይሄድ መቅረቱ ነው።

ጋሽ ምርኩዝ፦
ይሄን ወድጄዋለሁ። የተኳረፈ ሰው መንደሩን ካለቀቀ ኩርፊያው ለታይታ ነው።

የማታ አንባቢ፦
(ከ9 ቀን በኋላ)
ጨረስኩት። ትናንት ማታ፣ ሰባት ሰዓት ላይ።

ስለ ሽማግሌዎቹ ሐሳቤን ልቀይር ነበር የመጣሁት። ክፍል 24 ግን ሌላ ነገር አስያዘኝ። አኪሌስ ሄክቶርን ገድሎ ሬሳውን በሠረገላ ሲጎትት ሰነበተ። የሄክቶር አባት ፕሪያም፣ ሽማግሌው ንጉሥ፣ በሌሊት ጠላት ሰፈር ይገባል። 50 ወንዶች ልጆች ነበሩት፣ ብዙዎቹ አልቀዋል። ገብቶ የአኪሌስን ጉልበት ይዞ እጁን ሳመ። «ልጄን የገደለውን ሰው እጅ ወደ አፌ አመጣሁ፤ ይህንን ማንም ሰው ችሎ አያውቅም» አለ። «አባትህን አስብ» አለው። ሁለቱም አለቀሱ። አንዱ ለልጁ፣ አንዱ ለአባቱና ለፓትሮክሎስ።

ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ። አኪሌስ ሬሳውን ገረዶቹ ራቅ አድርገው፣ ፕሪያም በማያይበት እንዲያጥቡት አዘዘ። ለምን? አባትየው ልጁን ድንገት ቢያይ መቆጣቱን መሸሸግ አይችልም፤ እኔም ተቆጥቼ እገድለዋለሁ ብሎ ፈርቶ። ራሱን ነው የፈራው! ክፍል 9 ላይ ይህን ሰው አላወቅኩትም ነበር። ከዚያ ሬሳውን ራሱ አንሥቶ ቃሬዛው ላይ አስቀመጠው። ራት አብረው በሉ። «ለቀብሩ ስንት ቀን ትፈልጋለህ? እስከዚያ ጦሩን አቆመዋለሁ» አለው። ፕሪያም ቆጠረ። ዘጠኝ ቀን ለቅሶ፣ በ10ኛው ቀብርና ድግስ፣ በ11ኛው መቃብሩ ላይ አፈር መከመር። «በ12ኛው እንዋጋለን፣ ግድ ከሆነ» አለ።

«ግድ ከሆነ» የምትለዋ ላይ መጽሐፉን ዘጋሁት። የቀረውን ጠዋት ነው ያነበብኩት።

ጋሽ ምርኩዝ፦
ልጄ፣ እኔ በተቀመጥኩባቸው የደም እርቆች ገዳይ ነው ድንጋይ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ የሟች አባት ደጅ የሚመጣው። ይሄኛው ተገልብጧል። የሟች አባት ገዳይ ደጅ ሄደ። አስታራቂም የለ፣ ሦስተኛ ሰው የለ። እኔ ሆኜ ብሆን እንዴት አድርጌ እንደማሸማግለው አላውቅም። ሁለቴ አነበብኩት።

ቀለም ቀንድ፦
12 ቀን። ዜውስ መጀመሪያ ላይ ኢትዮጵያውያን ጋ የተቀመጠውን ያህል። ያኔ ነበር የአኪሌስ ቁጣ ገና የጀመረው።

ጋሽ ምርኩዝ፦
ለመሆኑ ይሄ ኦዲሲ የምትሉት ልጄ መደርደሪያ ላይ አለ። እሱም እንዲህ ያስለቅሳል?

ቀለም ቀንድ፦
ባብዛኛው አያስለቅስም ጋሼ፤ ጀብዱና ተንኮል ይበዛዋል። ክፍል 17 ላይ ግን ጌታውን 20 ዓመት የጠበቀ ውሻ አለ። ተዘጋጅተው ይግቡ።